ዘጌን ከቤተ ክርስቲያኖቹ ደጃፍ አልፎ ሙሉ ቀን ማየት፦ ስለ አፋፍ፣ ስለ ቡናውና ስለ ታሪኩ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፣ ከመምህርት ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ማስተማር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ በእንግድነት በመጣ ቁጥር በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የዘጌ ልሳነ ምድር ይዤ እሄዳለሁ። ጉዞው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት በሞተር ጀልባ እንሳፈራለን፤ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን እንወርዳለን፤ ግራና ቀኙ ትናንሽ ታንኳዎች፣ መስቀሎችና የብራና ሥዕሎች በሚሸጡበት መንገድ ሽቅብ ወጥተን አዝዋ ማርያምንና ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እንሳለማለን፤ ከዚያም ጀልባ ነጂው ሰዓት እየቆጠረ ስለሚጠብቀን ተጣድፈን እንመለሳለን። ባለፈው ዓመት ለአርባ ደቂቃ መዘግየት ተጨማሪ ሂሳብ ተጠይቄ ከአንድ ጀልባ ነጂ ጋር እስከ መጨቃጨቅ ደርሻለሁ፤ እንግዶቼ ፊት ስለነበር ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚያው ቀን ግን ከአእምሮዬ ያልጠፋ ነገር አየሁ። ከኡራ ስንወርድ፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት መሬት ላይ የተሰጣ ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ነበር። ዳር ዳሩ ያለው ፍሬ ደርቆ ጠቁሯል፤ መሐል ያለው ገና ቀይ ነው። ቀና ብለው አዩንና «ግቡ፣ ቡና ሳትጠጡ አትለፉ» አሉን። እኛ ግን ጀልባው ይሄዳል ብለን አመስግነን አለፍን። ያንን ቤት ሳልረግጥ መመለሴ ከጭቅጭቁ ይልቅ ቆጭቶኛል።

በመጪው ጥር አክስቴና አዲስ አበባ ያደጉ ሁለት የእኅቴ ልጆች ይመጣሉ። አክስቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ልጆቹ ግን አሥራ ሦስትና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ያዩትን ሁሉ ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ዘጌን ሰው የሚኖርበት አገር አድርጌ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የአፋፍን ከተማ የምታውቁ፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ሥዕል ውጪ ስለ አካባቢው ታሪክ ልነግራቸው የሚገባውን የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በውኃ መሄድ ይሻላል ወይስ በየብስ?

መልስ፣ ከዘጌ ልጅ

እኅታችን፣ ጥያቄዎን ሳነበው ደስ ብሎኛል፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ስለሆነ ሰው አገራችንን በሁለት ሰዓት አይቶ ሲመለስ ምን ጊዜም ቅር ይለኛል።

አፋፍ ስሟን የምትመስል ከተማ ናት። በአንድ በኩል እርሻው ያልቃል፣ በሌላው በኩል ጥላው ይጀምራል፤ ከተማዋ በሁለቱ መካከል ተቀምጣለች። ከባሕር ዳር በየብስ ሲመጡ የጤፍና የዳጉሳ ማሳ፣ የሚግጡ ከብቶች፣ ሜዳ እያዩ ይመጣሉ። አፋፍን አልፈው ወደ ልሳነ ምድሩ ሲገቡ ግን ማሳ የለም፣ በሬ የለም፣ የጅራፍ ድምፅ የለም። እንግዶች መጀመሪያ የሚያስተውሉት ጸጥታውን ነው፤ ጸጥታው ከምን እንደመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግራቸው አያገኙም።

አበው እንደሚነግሩን፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ ስፍራ መጥተው በጸሎት ተቀመጡ። በትራቸውን ሦስት ቦታ ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ከእግዚአብሔር ዘንድ በተሰጣቸው ቃል ኪዳንም የዘጌ ሰው ሳያርስ ከእነዚህ ተክሎች እንዲኖር፣ በምላሹም ምድሪቱን ማረሻ እንዳይነካት፣ የቀንድ ከብትና የጋማ ከብትም እንዳይረባባት ሆነ። ይህ ቃል ዛሬም ድረስ የሚከበር ሕግ ነው። በልጅነቴ አያቴ የቡናውን ሥር የምትኮተኩተው በእጅ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ የተለቀመውም ቡና ከጓሯችን እስከ ገበያ የሚደርሰው በሰው ጀርባና ትከሻ ነበር።

የአፋፍም ጥቅም ከዚህ ይነሣል። የማያርስ ሰው እህል መግዛት አለበት። ስለዚህ በገበያ ቀን ከደጋው በኩል ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬና ቅቤ የያዙ ገበሬዎች ይመጣሉ፤ ከውስጥ ደግሞ የኛ ሰዎች ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሸክመው ይወጣሉ። አያቴ ከገበያ ስትመለስ የዘንቢሏን ጤፍ በእጇ ዘግና ፊቷ ላይ ከፍ አድርጋ እያፈሰሰች ጠጠር እንዳለው ታይ ነበር፤ «ያላረስሁትን እህል ባላጣራ በማን ልፈርድ ነው?» ትለን ነበር። ልጆቹን ወደ ገበያው ይውሰዷቸው። ቡና የሚሸጠውንና ጤፍ የሚሸጠውን ሰው ጎን ለጎን ካዩ የዘጌን ኑሮ ግማሹን አዩ ማለት ነው።

የሚሄዱት ጥር ላይ በመሆኑ ዕድለኞች ናችሁ። የቡናው ለቀማ እየተጠናቀቀ፣ የተሰጣው ጀንፈል፣ ማለትም ከነሽፋኑ የደረቀው ቡና፣ በየደጁ የሚታይበት ጊዜ ነው። አንድ ፍሬ ጀንፈል በጥርሳቸው ሰብረው እንዲቀምሱ ያድርጉ፤ ሽፋኑ ጣፋጭ ነው።

መልስ፣ ከታሪክ አንባቢ

የዘጌ ልጅ የነገሩን ልብ የሚያረካ ነው። እኔ በትውልድ የአካባቢው ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም የጣናን ዙሪያ ታሪክ ለረጅም ዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ፣ ዘጌንም ደጋግሜ አይቻለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልጨምር። እንግዶች ሁሉ «ጫካ» የሚሉት ያ ጥላ ሰው ያልነካው ዱር አይደለም። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳውና ሾላው ጥላ እንዲሰጡ ሆነው ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ቡናው፣ በቡናው መካከል ጌሾው ይበቅላል። ይህን የሚያህል ስፍራ ለዘመናት በእጅ የተያዘ አትክልት ነው። ከባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ሆነው ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያዩ ከውኃው ማዶ ጠቆር ብሎ የሚታየው እርሱ ነው፤ በዙሪያው ያለው ምድር ከተራቆተ በኋላ እንኳ ዘጌ ለምልሞ የቀረው ማረሻ ስላልገባበት ነው ብል አልሳሳትም። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ፣ እንዲህ ያለ ሰውና ዛፍ አብረው የኖሩበት ቦታ በውስጡ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ለልጆቹ ሊነገራቸው የሚገባ ሁለት የታሪክ ምዕራፍ አለ፤ ሁለቱም በአስጎብኚዎች ዘንድ ብዙም አይነሡም።

የመጀመሪያው የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ሳይመለስላቸው በመቅረቱ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። በኋላ የንግሥቲቱን ምላሽ ይዞ የመጣው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ ላይ ደረሰ። እርሱ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ባለችው በቆራጣ እንዲቆይ ሲደረግ፣ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ዘጌ ላይ ሰፈሩ። ከመቅደላ የተፈቱት እስረኞች ቆራጣ ደርሰው፣ ሁሉም ወደ አገራቸው ሊሰናበቱ ነው ሲባል፣ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ራሳምና ባልደረቦቹ ለስንብት ሐይቁን ተሻግረው ዘጌ በመጡበት ቀን ተያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝን ጦር እስከ መቅደላ ያመጣው ነገር የታሰረው በዚህ ዳርቻ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ በዚያ ሰፈር ሳሉ የፈረንጆቹን የእንፋሎት መርከብ አስበው፣ በጎኑ እንደ መንኮራኩር ያለ ነገር ተገጥሞለት በእጅ እየተዞረ የሚሄድ ትልቅ ጀልባ አሠርተው በጣና ላይ አስሞክረዋል። የዐፄ ቴዎድሮስን የዕውቀት ረሃብ ለአንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ውኃው ዳር ቆመው ይንገሩት። ብዙም ሳይቆይ በሰፈሩ ኮሌራ ገባ፤ ሠራዊቱ ብዙ ሰው አጥቶ ቦታውን ለቆ ወጣ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ማረሻና በሬ የሌለበት ምድር በሙሉ የሰው ጉልበት ነው የሚሠራው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ ቡና ዋጋ ሲያወጣ፣ የዘጌ ባለ መሬቶችና ነጋዴዎች፣ ከካህናቱም ወገን ጭምር፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ተፈንግለው በመጡ ባሮች ቡናቸውን ያስኮተኩቱና ያስለቅሙ ነበር። ይህ እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ ድረስ ቆይቷል፤ በሕግ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የበትሩን ታሪክ የምንናገር ሰዎች የእነዚህንም እጅ ልናስብ ይገባናል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በደስታ የምንራመድበት ጥላ ከፊሉ በእነርሱ ላብ የቆመ ነው።

መልስ፣ ከተጓዥ ቤተሰብ

ስለ ጉዞው አኳኋን ብቻ ልመልስ። እኛ ባለፈው ዓመት ወላጆቻችንን ይዘን ስንሄድ የሄድነው በውኃ፣ የተመለስነው በየብስ ነው፤ ይህን አብዝቼ እመክራለሁ። የጣና ንፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማዕበል ይነሣል፤ ጠዋት ግን ውኃው ረጋ ይላል፣ ደንገል በታንኳ የሚያመላልሱትንም በቅርብ ታያላችሁ። ጀልባውን ለመሄጃ ብቻ ተከራይታችሁ እንዲመለስ ካሰናበታችሁት የሚያጣድፋችሁ ሰው አይኖርም። ከኡራ ኪዳነ ምሕረት በዛፎቹ መካከል ወደ አፋፍ በእግር ወጥታችሁ ከዚያ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ትመለሳላችሁ። በየብስ መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ አፋፍ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ መኪናውንም ከዋዜማው ተነጋገሩ።

አክስትዎ በመንገድ ላይ በሐይቁ ደሴት ያለውን ክብራን ገብርኤልን አይተው ለመሳለም ቢመኙ፣ ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። እናቴ ይህን ሳታውቅ ጀልባው ላይ ቀርታ አዝናብናለች። የዘጌዎቹ ግን ለሴቶችም ክፍት ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ለየብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ይያዙ።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከመምህርት ባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ባርነቱ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ታሪክ አስተምራለሁ፤ ይህን ግን በክፍሌ አንሥቼው አላውቅም፣ ይህም አሳስቦኛል። የዘጌ ልጅን ልጠይቅዎ፦ ይህን ለልጆቹ በመንገድ ላይ ብነግራቸውና የአካባቢው ሰው ቢሰማ እንደ ነቀፌታ ይቆጠርብኛል ወይ? ደግሞም አክስቴ እስከ አፋፍ በእግር መሄድ የሚችሉ አይመስለኝም። ሥዕሎቹን ግን በደንብ እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ በምን በኩል ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፣ ከዘጌ ልጅ

የታሪክ አንባቢው የጻፉት እውነት ነው፤ እኔም ከማንም አልደብቀውም። በልጅነታችን ይህ ነገር በሹክሹክታ ካልሆነ አይነሣም ነበር። የእነማን ቤት ዘር ከጌታ ወገን፣ የእነማን ከሌላው ወገን እንደሆነ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ በጋብቻ ጊዜ ደግሞ ሳይነገር ይታወሳል። ስለዚህ የሰውን ቤት እየጠቆሙ አይናገሩ፤ የማንም የዘር ሐረግ ለመንገደኛ ወሬ መሆን የለበትም። ስለ ዘመኑ ግን ለልጆቹ መንገር መብትዎ ብቻ ሳይሆን ግዴታዎም ነው እላለሁ። እኔ ለራሴ ልጆች የነገርኋቸው አያቴ ጓሮ ውስጥ፣ አንድ ያረጀ የቡና ግንድ አጠገብ ተቀምጠን ነው። «ይህን ማን ተከለው?» ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ናት፤ እኔ ያልጠየቅሁትን ነው የጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት፤ ከዚያ የማውቀውን ሁሉ ነገርኋት።

ስለ አክስትዎ፣ አዝዋ ማርያም ለወደቡ ስለሚቀርብ በእርሱ ይጀምሩ፤ ከዚያ እያረፉ ወደ ኡራ ይውጡ። ኡራ ሲደርሱ በግቢው የተንጠለጠሉትን የድንጋይ ደወሎች ልጆቹ ልብ ብለው እንዲያዩ ያድርጉ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት የሚጮህ መሆኑን የከተማ ልጅ አያምንም። ወደ ውስጥ ሲገቡ ቅኔ ማኅሌቱ በክብ ይከብዎታል፤ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ሁሉንም ዞረው ለመጨረስ አይሞክሩ። አክስትዎን በአንድ በኩል ወንበር ወይም ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው አንዱን ግድግዳ ብቻ ቢያሳዩአቸው ይበቃል። በላዔ ሰብን፣ አቡነ አረጋዊን በዘንዶው ጅራት ሲወጡ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር የንጉሡ የጦር ጫፍ እግሩን ወግቶት ሳይሰማው ሲቀር፣ እነዚህን አክስትዎ ከእርስዎ በላይ ያውቋቸዋል፤ ተራኪዋ እርሳቸው ይሁኑ። ልጆቹ ደግሞ አንድ ነገር ይፈልጉ፦ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ በጎናቸው ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አንዴ ይህን ካወቁ እያንዳንዱን ሥዕል ራሳቸው ማንበብ ይጀምራሉ።

ከዚያ በኋላ አክስትዎ በመኪና ወደ አፋፍ ይሂዱ፤ መኪናው እስከ የት እንደሚገባ ያን ቀን እዚያው ይጠይቁ። ልጆቹና እርስዎ በእግር ኑ። ጦጣ ታያላችሁ፤ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ።

ሌላ ምርጫ ካለዎ ደግሞ ቀኑን ወደ የካቲት 16 ያዙሩት። ዓመታዊው የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው፤ ኡራ በዚያ ቀን ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ይሞላል፣ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ ማየት ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል። ነገር ግን በዚያ ቀን ሥዕል ቆሞ ማየት አይቻልም፤ ጀንፈሉም ተሰብስቦ ያልቅ ይሆናል። ለልጆቹ ጥር፣ ለአክስትዎ የካቲት ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ መወሰኑ የእርስዎ ነው።

መልስ፣ ከታሪክ አንባቢ

አንዲት ነገር ልጨምር። አፋፍ ደርሳችሁ ምሳ ስትበሉ ልጆቹ የበሉት እንጀራ ጤፍ ከየት እንደመጣ፣ የጠጡት ቡና ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። አንዱ ከከተማዋ በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል ነው። በአንድ ገበታ ላይ ሁለቱን ዓይነት ኑሮ ያያሉ።

ምላሽ፣ ከመምህርት ባሕር ዳር

ወስነናል። በጥር፣ በውኃ ሄደን በየብስ እንመለሳለን፤ አክስቴ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለየካቲት 16 እንደገና ይመጣሉ። ዛሬ ስልክ ስደውልላቸው የክብራንን ነገር ነገርኋቸው፤ «ለሴት ያልተፈቀደ ከሆነ ከጀልባው ላይ ሆኜ እሳለመዋለሁ» አሉኝ።

የዘጌ ልጅን አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ዓመት «ግቡ» ያሉንን እናት ቤት አስታውሰዋለሁ፤ ከኡራ ሲወርዱ በስተ ቀኝ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ዓመት ሙሉ ቆይቼ ብሄድ ነውር ይሆንብኛል ወይ?

መልስ፣ ከዘጌ ልጅ

ምንም ነውር የለውም። አንድ ኪሎ ስኳርና ዳቦ ይዘው ይግቡ፤ «ባለፈው ዓመት ጠርተውን ሳንገባ ቀርተን ነበር» ይበሏቸው። ልጆቹ የደረቀውን ጀንፈል በሙቀጫ እንዲወቅጡ ይጠይቁላቸው፤ እምቢ አይሏቸውም። ሦስቱንም ስኒ ሳይጠጡ ግን አይውጡ፣ ጊዜ ይያዙ።